ተዳፋት ላይ ላለ ግማሽ ሄክታር ፋንያ ጁ ወይስ የአፈር እርከን? ጎርፉስ በየት ይውጣ?

ወይናደጋ
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር የምፈልግበት ማሳ እንዲህ ነው። ምሥራቅ ጎጃም፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ቀይ አፈር፣ ሁለት ጥማድ። ወርዱ 50 ሜትር፣ ቁልቁለቱን ተከትሎ ርዝመቱ 100 ሜትር ነው። ተዳፋትነቱ 15 በመቶ አካባቢ ይመስላል። ከራስጌው ሁለት ሄክታር የሚሆን የወል ግጦሽና የከብት መሄጃ አለ፤ ጎርፉ የሚወርደው ከዚያ ነው። በዘመቻ የተሠሩት አራት የአፈር እርከኖች ሦስቱ መሐላቸው ላይ ተበጥሰዋል። ከግርጌው ደግሞ ቦረቦር እያቆጠቆጠ ነው።

ጥያቄዎቼ፦ ፋንያ ጁ (የተቆፈረው አፈር ሽቅብ የሚወረወርበት እርከን) ይሻላል ወይስ ያው የአፈር እርከን? በስንት በስንት ሜትር ይራራቅ? ምን ሳር ይተከልበት?

ውሃልክ
ወንድሜ፣ የእርከኑን ዓይነት ለመጨረሻ አቆየው። እርከን መሐሉ ላይ ሲበጠስ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የገባበት የሌላ ሰው ውሃ ነው። የአፈር እርከን የሚሠራው በእርከንና በእርከን መካከል የዘነበውን ውሃ እንዲይዝ ነው፤ የሁለት ሄክታር ግጦሽ ጎርፍ ከታከለበት የቱም ዓይነት አይችለውም።

ልኩን እናስላ። ለኃይለኛ የክረምት ዝናብ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር እንያዝ። ግጦሹ በከብት የተረገጠ ስለሆነ ግማሹ ይፈሳል እንበል። 0.5 × 60 × 2 ÷ 360 ሲሆን (360ው ሚሊ ሜትርና ሄክታሩን ወደ ሜትር ኩብ በሰከንድ ለመለወጥ ነው) 0.17 ይመጣል፤ በሰከንድ 170 ሊትር ማለት ነው። ይህን ማሳው ራስጌ ላይ የሚቀበል መቀልበሻ ቦይ ያስፈልግሃል፦ የታች ስፋቱ 40 ሴ.ሜ፣ የላይ ስፋቱ 80፣ የውሃ ጥልቀቱ 40፣ በዚያ ላይ መጠባበቂያ 15 ሴ.ሜ። ዝንባሌው 0.5 በመቶ ይሁን፤ በ50 ሜትር ርዝመት 25 ሴንቲ ሜትር መውረድ ነው። ከ1 በመቶ አታስበልጠው፤ የራሱን ወለል እየቆረሰ ይሄዳል። ከ0.3 ካነሰ ደግሞ በደለል ይሞላና አፋፉን ጥሶ ይወጣል። የተቆፈረው አፈር በታችኛው ወገን ተከምሮ ይጠቅጠቅ።

ዋናው ነገር የሥራው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ መፋሰሻ (ውሃውን ቁልቁል የሚያወርደው ሳር የለበሰ ቦይ)፣ ቀጥሎ መቀልበሻ፣ ከዚያ እርከን ከላይ ወደ ታች። በዘመቻ ጊዜ የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ እርከን በኪሎ ሜትር ስለሚቆጠር ቀድሞ ይሠራል፣ መፋሰሻው «ወደፊት» ይባላል።

ወይናደጋ
አመሰግናለሁ። መፋሰሻው በማሳው ጎን ወሰኑን ተከትሎ ቢወርድስ? 15 በመቶ ቁልቁለት ላይ ራሱ ቦረቦር አይሆንም ወይ?

ውሃልክ
ጠባብና ጥልቅ ካደረግኸው ይሆናል፤ ያውም በአንድ ክረምት። 170 ሊትሩን በ50 ሴ.ሜ ስፋት ብትለቀው ፍጥነቱ በሰከንድ ከ2 ሜትር ያልፋል፤ ቀይ አፈር ይህን አይችልም። በ2 ሜትር ስፋት ዘርጋው፤ ያኔ የውሃው ጥልቀት 7 ሴ.ሜ አካባቢ፣ ፍጥነቱ 1.3 ሜትር ገደማ ይሆናል። በደንብ የያዘ ሳር ይህን ይችላል። ወደ ታች ሲሄድ የእርከኖቹም ውሃ ስለሚጨመርበት የመጨረሻዎቹን 40 ሜትር 2.5 አድርገው።

ወለሉ እንደ ሳህን ጎድጎድ ይበል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃው አንዱን ጥግ ይዞ መቆፈር ይጀምራል። በየ10 ሜትሩ ድንጋይ ከመሬት እኩል አድርገህ በአግድሙ ቅበር፤ ከወለሉ ከፍ አይበል። ሰርዶ ወይም በአካባቢው የሚገኘውን ምንጣፍ ሳር ከነሥሩ እየላጥክ ንጠፈው። ይህ አንድ ሙሉ ክረምት ውሃ ሳይለቀቅበት ቢያድር ነው የሚበጀው። መፋሰሻ ተሠርቶ በዚያው ዓመት መቀልበሻው ሲለቀቅበት ሥሩ ያልያዘው ሳር እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይሄዳል።

ስለ መሬቱ፦ 2 ሜትር በ100 ሲባዛ 200 ካሬ ነው። ወሰን ላይ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር አንድ አንድ ሜትር መካፈል ይቻላል፤ የጎረቤቱም እርከን እዚያው ስለሚተነፍስ ይጠቀማል። ግን ከመቆፈሩ በፊት በሽማግሌ ፊት ይነገር፣ ወሰኑም በድንጋይ ይለይ። ወሰን ላይ የተቆፈረ ቦይ በሦስተኛ ዓመቱ «የእኔ መሬት ነበር» ያስብላል።

ቀያሿ
ስለ ቅየሳው እኔ ልጨምር፤ በዓይን ከተለካ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ላይን ሌቭል ያስፈልጋል። ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው በሴንቲ ሜትር ምልክት የተደረገባቸው ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ ልክ 10 ሜትር የማይለጠጥ ሲባጎ፣ መሐሉ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። ሦስት ሰው ይበቃል።

መጀመሪያ ተዳፋትነቱን እንለካ። የላይኛው ሰው ገመዱን 20 ሴ.ሜ ምልክቱ ላይ ይያዝ፤ የታችኛው አረፋው መሐል እስኪገባ ከፍ ዝቅ ያድርግ። 170 ላይ ከቆመ ልዩነቱ 150 ሴ.ሜ ነው። ገመዱ አግድም ስለሆነ 10 ሜትሩ የአግድም ርቀት ነው፤ ስለዚህ 15 በመቶ። ሦስት አራት ቦታ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው፤ «15 ይመስላል» የተባለ ማሳ ሲለካ 20 ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ርቀቱን በተመለከተ፦ ለ15 በመቶ ተዳፋት በአንዱ እርከንና በቀጣዩ መካከል የሚመከረው የከፍታ ልዩነት ከ1 እስከ 2 ሜትር ነው። 1.5 ከተያዘ እርከን በየ10 ሜትሩ ይመጣል። 100 ሜትር ርዝመት ላይ፣ ራስጌው መቀልበሻ ስለሆነ፣ ዘጠኝ መስመር ነው። 2 ሜትር ከተያዘ በየ13 ሜትሩ፣ ሰባት መስመር ይሆናል።

መስመሩን ለመቀየስ ከመፋሰሻው ወገን ይጀመራል። የኋላው እንጨት ላይ ገመዱ 100 ሴ.ሜ፣ የፊተኛው ላይ 95 ሴ.ሜ ይታሰራል። የፊተኛው ሰው አረፋው መሐል እስኪገባ ዳገቱን ወጣ ወረድ ይላል፤ ያገኘው ቦታ ላይ ችካል። ያ ቦታ ከኋላው በ5 ሴ.ሜ ከፍ ያለ ነው፤ 0.5 በመቶ ዝንባሌ ማለት ነው። እንዲህ እያለ እስከ ጫፍ።

የተለመዱ ስሕተቶች፦ ውሃ ልኳ ከገመዱ መሐል ፈቀቅ ማለቷ። ገመድ ሁልጊዜ ይረግባል፤ ልክ 5 ሜትሩ ላይ ካለች ግን ርገቱ ከግራም ከቀኝም እኩል ስለሆነ ንባቡን አያዛባም። ሌላው እንጨቱን ትልም ውስጥ ወይም ጓል ላይ ማቆም ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትር በምንፈልግበት ሥራ አንድ ጓል 8 ሴንቲ ሜትር ይሰርቃል። ነፋስ ያለበት ከሰዓትም አይሆንም። ጠዋት ሥራ ሲጀመር ውሃ ልኳን ፊቷን አዙሮ ማንጠልጠል ነው፤ አረፋው ቦታ ከቀየረ ተበላሽታለችና ትጣል።

ችካሎቹ ተተክለው ሲያልቁ መስመሩ ይጠመዛዘዛል። በሬ እንዲያርስበት ትንሽ ማለስለስ ይፈቀዳል። ነገር ግን ረባዳ ቦታ ላይ መስመሩን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ አይገባም። ውሃው የሚሰበሰበው እዚያ ነው፤ መሐል ለመሐል የተበጠሱት ሦስት እርከኖች ምናልባት እንዲህ ተቆርጠው ይሆናል። ግድ ከሆነ እዚያች ቦታ ላይ ክምሩ እንደ ረባዳው ጥልቀት ከፍ ማለት አለበት፣ ጫፉ ከሌላው ጋር አንድ ልክ እስኪሆን።

ካብሠሪ
አሁን ወደ ዓይነቱ። ልዩነቱ አፈሩ ወዴት ይጣላል የሚለው ነው። የአፈር እርከን ላይ ቦዩ ከክምሩ በላይ ነው፤ አፈሩ ወደ ታች ይጣላል። ፋንያ ጁ ላይ ቦዩ ከክምሩ በታች ነው፤ አፈሩ ሽቅብ ይወረወራል። በዚህ ምክንያት የሥራው መጠን ይለያል፦ ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው)፣ ለፋንያ ጁ 200፣ ለድንጋይ እርከን 250 ይያዛል። ያንተ ዘጠኝ መስመር 450 ሜትር ስለሆነ ለፋንያ ጁ 90 የሰው ቀን ነው። በወንፈል አሥራ አምስት ሰው ከመጣ ስድስት ቀን።

የፋንያ ጁ ጥቅሙ ማሳው ቶሎ ወደ ደረጃ መለወጡ ነው። ጉዳቱ ውሃው ከክምሩ ራስጌ መተኛቱና ክምሩ ከተጣሰ አፈሩ ወደ ቦዩ መናዱ። ስለዚህ የሚስማማው ከ15 እና 16 በመቶ ያልበለጠ ተዳፋት፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቅ አፈር፣ ከላይ ደግሞ ጎርፉ የተቀለበሰ ሲሆን ነው። መቀልበሻ ከሌለህ ፋንያ ጁን አታስበው።

ልኮቹ፦ ቦይ 60 ሴ.ሜ ስፋት በ60 ጥልቀት፤ ከዚያ 25 ሴ.ሜ ያልተነካ ጠርዝ፣ በርም የሚሉት፤ ከዚያ ክምሩ፣ ታቹ 95፣ አናቱ 30፣ ከተጠቀጠቀ በኋላ ቁመቱ 60። ብዙ ቦታ 50 በ50 ይቆፈርና ክምሩ 60 እንዲሆን ይጠበቃል። አይወጣም! የተቆፈረው አፈር ለ45 ሴ.ሜ ብቻ ነው የሚበቃው፤ የጎደለውን ለመሙላት ሠራተኛው በርሙን ይነካል፣ ክምሩም ወደ ቦዩ ይናዳል።

አፈሩ በአንድ ጊዜ አይከመርም። በየ20 ሴ.ሜው ይጠቀጠቅ፤ በእግር መርገጥ ጥሩ ነው፣ በእንጨት መደቅደቂያ የተሻለ። የካቲት ላይ ደርቆ ዱቄት የሆነ አፈር አይጠቀጠቅም፤ እንዲያው ይነፋል። ጥር መጀመሪያ እርጥበቱ ሳይጠፋ ይጀመር። ገለባና ሥር ያለበት ጓል ክምሩ ውስጥ አይግባ፤ ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ከዚያ ፍልፈል ያሰፋዋል፣ ውሃ ያልፍበታል።

ቁንዲ
ዝንባሌ ሰጥቶ ውሃውን ማስወጣት ለምን አስፈለገ? እርከን ማለት እኮ ውሃ መያዝ ነው። ወሎና ትግራይ ላይ ሁሉም ልክ በልክ፣ ያለ ዝንባሌ ነው የሚሠራው፣ በየጥቂት ሜትሩም መቆራረጫ አለው።

ካብሠሪ
ዝናብ ባጠረበት ቆላና ወይና ደጋ ትክክል ነህ፤ እዚያ ቦዩ ውስጥ በየ3 እስከ 6 ሜትሩ መቆራረጫ እየተተወ ልክ በልክ ይሠራል፣ ውሃው እዚያው ይሰርጋል። ጎጃም ደጋው ላይ ግን ዝናቡ በዓመት ከአንድ ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ ነሐሴ ላይ አፈሩ ጠግቧል፣ ሌላ አይጠጣም። ልክ በልክ ከሠራህ ከክምሩ ራስጌ ያለው ሁለት ሜትር ጥግ ረግረግ ይሆናል። ባቄላና ገብስ እዚያ ቢጫ ይሆናሉ፣ ሥራቸው ይበሰብሳል። በዝንባሌ ሠርተህ እንኳ ያችን ጥግ ለጤፍ ብትተዋት ይሻላል፤ ውሃ ይታገሣል።

ዋልካ
ለሚያነቡት ሌሎች አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ሁሉ ለቀይ አፈር ነው። ዋልካ መሬት ላይ እንዲህ ያለ እርከን አትሥሩ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ በክምሩ ውስጥ ያልፋል፤ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ቦርቡሮ ይወጣል። ዋልካ ብዙውን ጊዜ ሜዳማ ነው፣ ችግሩም ውሃ መተኛቱ ነው። እዚያ የሚበጀው ሰፊ መደብ ነው፤ 80 ሴ.ሜ መደብ፣ 40 ሴ.ሜ ቦይ፣ ከዚያ የሚወጣውን ውሃ የሚቀበል ማስወገጃ። ማስወገጃው ከታች ያለው ሰው ማሳ ላይ ካበቃ ክርክሩ እዚያ ይጀምራል።

ሁለትጥማድ
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁላችሁም ስለ ቁፋሮው ታወራላችሁ፣ ስለ ገበሬው ጉዳት ግን ማንም አላነሣም። ቦዩ፣ በርሙ፣ ክምሩ ሲደመር 1.8 ሜትር ነው። በዘጠኝ መስመር 800 ካሬ ሜትር ያልፋል። ከግማሽ ሄክታር ላይ 16 በመቶ መሬት! በዚያ ላይ አይጥና ፍልፈል ይራባበታል፣ ሰርዶ ከክምሩ ተነሥቶ ማሳውን ይወርራል፣ በሬ ለማዞር አይመችም። ምርቱስ በመጀመሪያው ዓመት ይጨምራል? አይጨምርም። ገበሬው እርከን ሲያፈርስ «ግንዛቤ ስለሌለው» ይባላል፤ እኔ ሒሳብ ስለሚያውቅ ነው እላለሁ።

የአፈርሰው
ሁለትጥማድ ያነሣው ትክክለኛ ነገር ስለሆነ በወጉ ይመለስ። ደምበጫ አካባቢ አንጀኒ የምትባል 113 ሄክታር የሆነች ተፋሰስ አለች። ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 በጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ሥር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ዝናቧ፣ ጎርፏና ደለሏ የተለካ ነው። ፋንያ ጁ እ.ኤ.አ. በ1986 ገባባት። ማሳዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ደረጃ መለወጣቸው በግልጽ ታይቷል። ምርቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልዘለለም፤ የተያዘው መሬትና የተኛው ውሃ ጥቅሙን በልተውታል። ስለዚህ «በመጀመሪያው ዓመት እጥፍ ታገኛለህ» ብሎ መስበክ ውሸት ነው።

በሌላ በኩል ዝም ብሎ መተውም ወጪ አለው። የምርምሩ መሪ የነበሩት ሃንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ የእርሻ መሬት የሰጡት የታወቀ ግምት በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.2 ቶን ቢመዝን 35 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በሄክታሩ ላይ ሲዘረጋ 3.5 ሚሊ ሜትር። በዓይን አይታይም። በሠላሳ ዓመት ግን ከ10 ሴ.ሜ በላይ ነው፤ ያውም ማዳበሪያው፣ ብስባሹ፣ ለም የሆነው የላይኛው።

ስለዚህ ጥያቄው 16 በመቶው ላይ ምን ይበቅላል ነው። ክምሩ ባዶውን ከቆመ ሁለትጥማድ ልክ ነው። ሳር ካለበት በበጋ ለአንድ ላም የሚሆን መኖ ነው፤ ጌሾም ይዞ ማየት ይቻላል።

ብዙ የማይነገር ሌላ ነገር ልጨምር። እርከን ሲሠራ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው ማሳ ለሁለት ይከፈላል። የታችኛው ጥግ፣ ከክምሩ ራስጌ ያለው፣ ደለል ይከማችበታል፤ ይወፍራል። የላይኛው ጥግ፣ ከቦዩ ግርጌ ያለው፣ በየእርሻው አፈሩ ወደ ታች ስለሚገፋ ይሳሳል፤ ከታች ያለው ፈዛዛ አፈር ይወጣል። ገበሬው ማዳበሪያውን እኩል ስለሚበትን ላይኛው ይራባል፣ ታችኛው ይጋሽባል። ፍግና ኮምፖስቱን ከላይኛው ሦስት ሜትር ላይ አብዝቶ ማፍሰስ ነው። የአፈሩ አሲዳማነት ተለክቶ ኖራ ከታዘዘም እዚያው ጥግ ላይ ቅድሚያ ይሰጠው። በዚህ ብቻ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የምርት ጉድለት ብዙውን ማካካስ ይቻላል።

ሁለትጥማድ
እንዲህ ከሆነ እቀበላለሁ። የሰርዶው ነገርስ?

የአፈርሰው
ሰርዶ ባዶ ክምር ሲያገኝ ነው የሚገባው። በመጀመሪያው ክረምት ሌላ ሳር ጥቅጥቅ ብሎ ከያዘ ቦታ ያጣል። መፋሰሻው ላይ የተነጠፈው ሰርዶም ወደ ማሳው እንዳይሻገር በመስከረምና በግንቦት ጠርዙ በዶማ ይቆረጥ።

መኖ
ሳሩን ለእኔ ተዉልኝ። ለ2,400 ሜትር የመጀመሪያ ምርጫዬ ደሾ ነው። ከጋሞ ደጋማ ቦታዎች፣ ከጨንቻ አካባቢ የተስፋፋ ነው፤ ብርድ ይችላል፣ ቶሎ ይሸፍናል፣ ከብት ይወደዋል። በዘር አይተከልም፤ ጉጡ ተነቅሎ ሥር ባላቸው ቁራጮች ይከፈላል፣ ቅጠሉ ወደ 15 ሴ.ሜ ይቆረጣል፣ በዚያው ቀን ይተከላል። ክምሩ ላይ ሁለት ረድፍ፣ በየ20 ሴ.ሜው፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው ጋር ተጠላልፎ። 450 ሜትር በሁለት ረድፍ 4,500 ቁራጭ ይጠይቃል። ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ዘንድሮ ከቤት አጠገብ ትንሽ መደብ ላይ አባዝቶ በሚመጣው ክረምት መትከል ነው።

ጊዜው ዝናቡ ከያዘ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥር ሳይሰድ በጋ ይይዘዋል።

ቬቲቨር ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ክምር በማሰር አቻ የለውም፣ ዘር ስለማይበትን ማሳ አይወርርም። ግን ብርዳማ ደጋ ላይ እድገቱ ይለግማል፣ ሲጎለምስ ከብት አይበላውም። ዝሆኔ ሳር ብዙ መኖ ይሰጣል፤ ሆኖም ሥሩና ጥላው ወደ ሰብሉ ስለሚገባ ጠባብ ማሳ ላይ አልመክርም። ውርጭ ለሚበዛበት ከፍታ ፋላሪስ የሚባል ሳር አለ። ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍም በየሁለት ሦስት ሜትሩ ጣል ማድረግ ይቻላል፤ ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በፈላ ውሃ ነክሮ ማሳደር ግድ ነው። ውሃ የሚተኛበት ጥግ ላይ ግን ይሞታል፤ ክምሩ አናት ላይ ይሁን።

ይህ ሁሉ ከልቅ ግጦሽ ጋር አይሄድም። ኅዳር ላይ አዝመራ ሲነሣ ከብት ከተለቀቀ ሳሩ ከሥሩ ይነቀላል፣ ክምሩ በሰኮና ይናዳል። ጎረቤቶች ካልተስማሙ ሁለት ጥማድ ብቻውን አጥሮ መኖር ከባድ ነው። ዝቅተኛው መፍትሔ የመጀመሪያውን ዓመት በእሾህ ማጠር፣ ከዚያ አጭዶ መመገብ።

አገዳ
ወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ ቢተከልስ? ገንዘብ ያመጣል፣ አፈርም ይይዛል።

መኖ
ገንዘብ ያመጣል፤ አፈር ይይዛል የሚለው ግን አይሆንም። ከሥሩ ሌላ ነገር ስለማይበቅል ጎርፉ ባዶ መሬት ላይ ይወርዳል። 50 ሜትር ወርድ ላለው ማሳ በአንድ ወገን ብቻ ቢተከል እንኳ ሥሩ ብዙ ሜትር ገብቶ የሰብሉን ውሃ ይሻማል፤ የሚጎዳው ደግሞ የጎረቤት ማሳም ነው። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ላይ ዲከረንስ ግራርን በፈረቃ ይዘውት ነበር። መጀመሪያው ዓመት ጤፍ መሐል ይተከላል፣ ቀጥሎ ሳሩ ይታጨዳል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ይቆረጥና መሬቱ ወደ እህል ይመለሳል። መሬት ለሚያሳርፍ ሰው ጥሩ ዘዴ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ገብቶበታል፣ ሙሉ ማሳ በእሱ ላይ መጣል ያሠጋል።

ቦረቦር
ግርጌው ላይ ስላለው ቦረቦር ማንም አልመለሰም። መጠኑ ስንት ነው?

ወይናደጋ
ጥልቀቱ አንድ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ሁለት፣ ርዝመቱ 30 ሜትር። ወለሉ 10 በመቶ ያህል ይወርዳል። በየዓመቱ ወደ ላይ ይመጣል።

ቦረቦር
ገና በልጅነቱ ነው፣ በድንጋይ ክትር ይገታል። ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) አያስፈልግም። የክትሩን ቁመት 80 ሴ.ሜ አድርግ። ርቀቱ ቁመቱን በ1.2 አባዝቶ ለወለሉ ዝንባሌ ማካፈል ነው፦ 0.8 × 1.2 ÷ 0.1 ሲሆን 9.6 ሜትር። 30 ሜትር ላይ ሦስት ክትር በቂ ነው። 1.2 የተጨመረው ደለሉ ሲሞላ ፍጹም ሜዳ ሆኖ ስለማይተኛ፣ በትንሽ ዝንባሌ ስለሚቆም ነው።

መሠረቱ 50 ሴ.ሜ ይቆፈር። ግራና ቀኙ ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ቢያንስ 50 ሴ.ሜ ይግባ። መሐሉ ከትከሻዎቹ በ25 እስከ 30 ሴ.ሜ ዝቅ ይበል፤ ማስተንፈሻው ያ ነው። ክትር የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ አናቱ ቀጥ ብሎ ስለተካበ ነው፤ ውሃው መሐል ለመሐል ማለፍ ሲያቅተው በጎን ዞሮ ግድግዳውን ይበላል። ከዚያ ድንጋዩ ለብቻው ቆሞ ይቀራል፣ ቦረቦሩም በጎኑ ይሰፋል። ከክትሩ ግርጌ ውሃው በሚወድቅበት ላይ የአንድ ሜትር ያህል ድንጋይ ይነጠፍ፣ ካልሆነ መሠረቱን ከሥር ይቆፍራል። ትልልቁ ድንጋይ ታችና ፊት ለፊት፣ ጠጠሩ ከኋላ።

የቦረቦሩ ራስ ቀጥ ብሎ እንደ ገደል ከቆመ እሱን በዶማ አስተኝተህ ድንጋይና ሳር አልብሰው። ራሱ ሳይታከም ክትር ብቻ ከተሠራ ወደ ላይ መብላቱን አያቆምም።

ደንበኛ
ስለ ሕጉ አጭር ጥያቄ፦ ዳገት ማረስ ይከለከላል ሲሉ እሰማለሁ። ስንት በመቶ ላይ ነው?

ቀያሿ
በ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 አንቀጽ 13 መሠረት ከ60 በመቶ በላይ የሆነ ተዳፋት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም አይውልም፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ ነው። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት የደረጃ እርከን ተሠርቶበት ነው። ያ አዋጅ አሁን በ1324/2016 ተተክቷል፤ ስለዚህ ለአንድ ጉዳይ ከመከራከር በፊት አዲሱንና የክልሉን ማስፈጸሚያ ማየት ይገባል። የጠያቂው ማሳ 15 በመቶ ስለሆነ በዚህ አይነካም።

ወይናደጋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ ልጀምር አስቤአለሁ። ዘንድሮ ጥር ላይ መቀልበሻውን ቆፍሬ፣ በዚያው መፋሰሻውን ሠርቼ፣ ሐምሌ ላይ ሳር ንጣፍ። በሚመጣው ጥር ፋንያ ጁ፣ ዘጠኝ መስመር።

ውሃልክ
መቀልበሻውን ዘንድሮ አትቆፍረው! ሳር ያልያዘ መፋሰሻ ላይ ከሰኔ ጀምሮ 170 ሊትር ትለቅበታለህ። ዘንድሮ መፋሰሻውን ብቻ ቅረጽ፣ አፉንም ከላይ በአፈር ዝጋው፤ የሚዘንብበት የራሱ ውሃ ብቻ ይሁን። ሰኔ መጨረሻ ሳሩን ንጠፍ፣ እስከ መስከረም የተነቀለውን መልስ። መቀልበሻውና እርከኖቹ በሚቀጥለው ጥር አብረው ይሠሩ፤ መጀመሪያ መቀልበሻው፣ ከዚያ የላይኛው መስመር።

እስከዚያ የተበጠሱትን ሦስት ቦታዎች በድንጋይ ደፍናቸው፣ ከአካባቢው ክምር በ10 ሴ.ሜ ከፍ አድርግ፤ እርሻውንም ዳገቱን አቋርጠህ እረስ። የመጨረሻውን የዘር እርሻ ቁልቁል ማረስ ልማድ ከሆነ እሱን መተው ነው፤ ፈሰስ (ውሃ ማውጫ ትልም) ካወጣህም በመጠኑ ሰያፍ ይሁን፣ ቀጥ ብሎ አይውረድ።

ወይናደጋ
ዘንድሮ ያለውን ጎርፍ ለጊዜው በሌላው ጎን ወዳለው ድንጋያማ ቁጥቋጦ ብመልሰውስ? ባለቤቱ ዘመድ ነው፣ ይፈቅዳል።

ውሃልክ
ከሥሩ አለት ከሆነና ሳሩ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ይቻላል። አንድ ቦታ ላይ አትልቀቀው፤ አፉ ላይ አሥር ሜትር ያህል ልክ በልክ ጠርዝ ሥራና ውሃው በሙሉ ስፋቱ ተዘርግቶ ይፍሰስ። ጠርዙን በላይን ሌቭል ለካው፤ 3 ሴ.ሜ እንኳ ከዘመመ ሁሉም ውሃ በዝቅተኛው ጫፍ ይወጣል። ከታች ደግሞ የማን ማሳ ላይ እንደሚያርፍ ቁጥቋጦውን ተከትለህ እስከ ወንዙ ድረስ ሄደህ እየው።

ካብሠሪ
ክረምቱ ከወጣ በኋላ ስለሚደረገው ጥገና አንድ ነገር ቀርቷል። መስከረም መጨረሻ ቦዩ ውስጥ የተጠራቀመውን ደለል ሽቅብ ወደ ክምሩ መወርወር ነው፤ ደለሉ ከክምሩ አናት በታች 20 ሴ.ሜ እስኪደርስ አትጠብቅ። ክምሩ በየዓመቱ በዚህ ከፍ ካላለ ደረጃው አይሠራም፣ በሁለተኛው ክረምት ይጣሳል። ስታርስ ደግሞ ማረሻው ከክምሩ ሥር ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይራቅ፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተላጠ የሚፈርስ እርከን በጎርፍ ከሚፈርሰው አያንስም።